ምዕራፍ ሰባት፦ ሰልፍ ላይ ያልዘመረ ተማሪ

ጥያቄው ወደ መምህሩ የሚመጣው በማይመች ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ደወል ተደውሏል፤ ከስምንት መቶ በላይ ልጅ በየክፍሉ ተሰልፏል፤ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይክ እየሞከሩ ነው፤ ዩኒት ሊደሩ አርጩሜውን ከጀርባው ይዞ በረድፎቹ መሐል ይመላለሳል። ባንዲራው መውጣት ሲጀምር ግቢው በሙሉ ይዘምራል። ሰባተኛ «ለ» ረድፍ ላይ ግን አንድ ልጅ አፉን ገጥሞ ቆሟል። ተረኛው መምህር አይቶታል። የባሰው ደግሞ፣ መምህሩ ማየቱን ሌሎቹ ተማሪዎች አይተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ከሰልፍ ይወጣል፤ ባንዲራው ሥር ይንበረከካል፤ ወይም ሁሉም እየሰማ ለብቻው እንዲዘምር ይታዘዛል፤ አልሆነም ካለ «ወላጅ ሳትይዝ እንዳትመጣ» ተብሎ ከበር ይመለሳል። መምህሩን በዚህ ለመውቀስ አልቸኩልም። ያ ሁሉ ዓይን እያየው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መወሰን አለበት። ዛሬ አንዱን ካለፈ ነገ አሥር ልጅ ዝም የሚል ይመስለዋል፤ ርእሰ መምህሩ «አንተ የት ነበርክ?» እንደሚለው ያውቃል፤ የወረዳ ሱፐርቫይዘር ግቢ ውስጥ ካለማ ጉዳዩ የልጁ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ያ ግማሽ ደቂቃ ምንም ሳይደረግበት ቢያልፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁ ይቁም፤ መዝሙሩ ይፈጸም፤ ሰልፉ ወደ ክፍል ይግባ። ልጁን ማነጋገሪያ ሰዓት በኋላ ሞልቷል።

ይህን ስል ባንዲራ ተራ ጨርቅ ነው ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። ተራ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ልጁም እምቢ አይልም፣ መምህሩም አይደነግጥም ነበር።

ነገሩን በዶርዜ በኩል ማየት እወዳለሁ። ዶርዜን አገር የሚያውቀው በሸማውና የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤቱ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ በሚለብሰው ደጋ ውስጥ ያለ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ባንዲራ የሚያስከትለውን ጣጣ በደሙ የቀመሰ፣ ጣጣ የሚያበርድበትም የራሱ መንገድ ያለው ሕዝብ ነው።

መስከረም 2011ን እናስታውስ። የኦነግ አመራሮች ከኤርትራ ሊገቡ በተቃረቡበት ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በቀለም ተጣሉ፤ አንዱ ወገን ኮከብ የሌለውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ሌላው የኦነግን ባንዲራ አደባባይና የመንገድ ጠርዝ ላይ ይቀባ ነበር። ጠቡ ሥሩ ከቀለም ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም የታየው በቀለም ነው። ከመስከረም 4 እስከ 6 በነበሩት ቀናት ቡራዩና አካባቢው ላይ ግድያና ዝርፊያ ሆነ። ከሞቱትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ ወርደው በሽመና የሚተዳደሩ፣ የከተማው ሰው በጅምላ «ዶርዜ» የሚላቸው ናቸው። ባንዲራ ቀቢ አልነበሩም።

ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ያኔ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከተቆጣው ሕዝብ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ረግጦ ማለፍ ጎሜ የሚባል ነውር ነው፤ መዘዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። ወጣቱ ተመለሰ፤ በከተማው የሚኖሩ ኦሮሞዎችም ሳይነኩ ቀሩ። ፎቶው አገሩን ሁሉ ዞሯል፤ ብዙ ሰው አድንቆታል። እኔን ግን ከትምህርት ቤቱ ሰልፍ ጋር አጠጋግቼ ሳየው የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ በእኛ ግቢ የሚንበረከከው ምንጊዜም ልጁ ነው። መምህር ተማሪ ፊት ይንበርከክ ማለቴ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ግን ሥልጣናቸውን ያሳዩት ዝቅ ብለው ነው፤ የሚከበሩ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ዝቅ ማለት አላስፈራቸውም። በአርጩሜ ካልሆነ የማይከበር የሚመስለው መምህር ክብሩን ራሱ ተጠራጥሮታል።

የጋሞን ወግ ማሞካሸት ደግሞ ቀላል ነውና ልክ ላብጅለት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ ለሁሉም ክፍት አልነበረም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከዳር ነበር፤ ሴቶችም እንዲሁ። መስማማት እስኪደረስ መነጋገር የሚለው ልማድ ጥሩ የሚሆነው ማን ለመናገር እንደተፈቀደለት ስንጠይቅ ነው። ለመምህርም ያው ነው፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ስለተስማማ ብቻ ዝም ያለው ልጅ ተሰምቷል አይባልም።

ሥርዓት አልፈጽምም ያለ ሰው ለጋሞ ደጋ እንግዳ አይደለም። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በደቡብ ሲስፋፉ ብዙ አማኝ ለቀደሙት ሥርዓቶች መሥዋዕት ማቅረብ፣ ሃላቃ በሚባለው የባህል ሹመት መሾም፣ የመንደሩን ድግስ መደገስ ተወ። ጎረቤት ፈራ፤ ጎሜ የአንዱ ጥፋት ለሌላውም የሚተርፍበት ነውና የእምቢተኛው ጣጣ ዝናብ ሊያስቀር፣ ከብት ሊገድል ይችላል ተብሎ ታመነ። ጠብ ነበር፤ መገለልም ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንዱ ወንድም ሥርዓቱን እየፈጸመ፣ ሌላው እየዘለለ፣ በአንድ የእንሰት ጓሮ መኖር ተለመደ። የሰባተኛ «ለ»ው ልጅ ዶርዜ ከሆነ አያቱ ይህን ታሪክ ከመምህሩ የበለጠ ሳያውቁት አይቀሩም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በ1960ዎቹ ዶርዜ ተቀምጦ ከሰማው ሁሉ ታዋቂ ያደረገው የነብሩ ነገር ነው። ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ ዶርዜዎች፤ ፍየላቸውን ግን ረቡዕም ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን ይጠብቃሉ። ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ ስለ ምልክት ምንነት መጽሐፍ ጽፏል። ለእኛ የሚጠቅመው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሰው የሚናገረውና በልቡ ይዞ የሚሠራበት ነገር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ አለመግጠሙም ውሸታም አያሰኘውም። ጋሞኛ ተናግሮ ያደገ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃን መዝሙሩን በአማርኛ የሚዘምረው ቃሉ ሳይገባው ነው፤ አገሩን ወደደ ብለን እናጨበጭብለታለን። ቃሉ ገብቶት፣ አስቦበት ዝም ያለውን ታላቅ ወንድሙን ደግሞ አገሩን ጠላ እንላለን። መዝሙሩን ከቁም ነገር የቆጠረው የትኛው እንደሆነ ማሰብ ይገባል።

በደቡብ ኢትዮጵያ መምህርና ተማሪ በዚህ ነገር ክፉኛ የተፈተኑት በደርግ ዘመን ነው። ስብሰባ ሲከፈትም ሲዘጋም ግራ እጅን ጨብጦ ማንሣትና መፈክር ማሰማት የግድ ነበር። «ከሁሉ በላይ አብዮቱ» የሚለው መፈክር በዘመኑ «ጴንጤ» እየተባሉ ይሰደቡ ለነበሩት ወጣቶች አልዋጥ አለ፤ ለእነሱ ከሁሉ በላይ ያለው ሌላ ነው። የይሖዋ ምሥክሮች ደግሞ እጃቸውንም አላነሡም፣ መፈክሩንም አላሰሙም። ብዙዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ከትምህርትና ከሥራ ተባረሩ፤ የተገደሉም አሉ። በደቡብ ብዙ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ተዘጉ። በያኔው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ማሌ ውስጥ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ዶንሃም የጻፈው አስገራሚ ነገር፣ እነዚሁ ወንጌላውያን መጀመሪያ አብዮቱን በደስታ ከተቀበሉት መካከል መሆናቸው ነው። ጭሰኝነትን ያስቀረ ለውጥ ነበርና ወደውት ነበር። የተጠሉት ስለተቃወሙት ሳይሆን ስላላመለኩት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ያ ሁሉ የተጨበጠ እጅም ግንቦት 1983 ሲደርስ አብዮቱን አላዳነውም።

አንድ የዶርዜ አዛውንት በዕድሜያቸው ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ሰምተዋል። የመጀመሪያው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማ የሠራለት፣ ከ1923ቱ ንግሥ ጀምሮ ይዘመር የነበረው ነው። ደርግ ሌላ አመጣ፤ ግጥሙ የአሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ ነው። ከ1984 ወዲህ ያለው ደግሞ ግጥሙ የደረጀ መላኩ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ነው። ባንዲራውም መሐሉ ላይ አንበሳ ነበረው፣ አንበሳው ወረደ፣ በ1988 ኮከቡ መጣ። በየዘመኑ አዲሱን አልዘምርም ያለ ተቀጥቷል፤ የቀድሞውን የዘመረም ተቀጥቷል። አዛውንቱ ሦስቱንም ዘምረው ይሆናል፤ ሦስቱም ጊዜ ያገለደሙት ሸማ ጥለት ላይ ያሉት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ግን እነዚያው ናቸው።

የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሌላም እምቢታ አይተዋል። በ1991 የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ወላይታ ሶዶ ላይ ተማሪውም መምህሩም አንማርበትም አለ። ሰው ሞተ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ተዛወሩ። በመጨረሻ መንግሥት መጽሐፉን ሰበሰበ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ተከፋፈለ። ያኔ «ፀረ ሰላም» የተባለው እምቢታ ዛሬ በማንም ዘንድ እንደ ጥፋት አይነሣም።

አሁን ወደ ሕጉ። መምህራን ስለዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ቶሎ የሚጠቀሰው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ነው። አዋጁ ለባንዲራው ክብር ቆሟል፤ ትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓቱን ማካሄድ አለበት፤ በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀንም ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው። ይህ ተቋሙ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 244 ደግሞ የሚቀጣው በንቀት ወይም በክፋት ባንዲራውን የቀደደውን፣ ያቃጠለውን፣ የሰደበውን ነው። አፉን ገጥሞ የቆመ ልጅ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። ከሁለቱ በላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት የመያዝ ነጻነቱን በኃይል ወይም በሌላ መንገድ እንዳይነካበት ይከለክላል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸውም ይጨምራል። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፤ ባንዲራ ሥር ማንበርከኩ እዚህ ላይ ያበቃል። አንቀጽ 27 ገደብም አለው፤ የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ትምህርትን፣ የሌሎችን መብት ለመጠበቅ እምነትን በተግባር መግለጥ በሕግ ሊገደብ ይችላል። ስለዚህ «እምነቴ ነው» ያለ ሁሉ ያሻውን ያደርጋል ማለት አይደለም። ዝም ብሎ መቆም ግን የማንን ትምህርት አወከ?

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንቀጽ 3 ነው። ባንዲራው መሐል ያለው ዓርማ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንዲያንጸባርቅ ነው የተደነገገው። የይሖዋ ምሥክሮች በኅዳር 1984 ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል። እንግዲህ የእነሱ ልጅ ያልዘመረለት ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ እሱንም ይጨምራል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ቀድመውን ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ወድቀው ተነሥተዋል። አሜሪካ ውስጥ ሚነርስቪል በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ ሁለት የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ብለው ተባረሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1940 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (የሌሎች አገሮች ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስምንት ለአንድ ድምፅ ትምህርት ቤቱን ደገፈ። ውሳኔው እንደ ተሰማ በየከተማው ምሥክሮቹ በመንጋ ተደበደቡ፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ተባረሩ። ሦስት ዓመት እንዳለፈ፣ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ እያለች፣ ፍርድ ቤቱ ከዌስት ቨርጂኒያ በመጣ ተመሳሳይ ክስ የራሱን ውሳኔ በስድስት ለሦስት ሻረ። ዕለቱ ሰኔ 14 ቀን 1943፣ የአሜሪካኖች የባንዲራ ቀን ነበር። ዛምቢያ ነጻ በወጣች ማግሥት አንዲት ተማሪ አልዘምርም ብላ ከትምህርት ታገደች፤ በ1967 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን አጸና። አዲስ አገር ባንዲራዋን የሙጥኝ ስትል መረዳት ይቻላል፤ ፍርዱ ግን አይጥመኝም። ከጎረቤታችን ኤርትራ የመጣው ምሳሌ የከፋው ነው፤ በ1994 በወጣ የፕሬዚዳንት መመሪያ የይሖዋ ምሥክሮች በነጻነቱ ሪፈረንደም አልመረጡም፣ አልዘመቱም ተብለው ዜግነታቸውን ተነፈጉ።

ለእኛ ሰልፍ የሚቀርበው የሕንዱ ነው። ኬረላ ውስጥ ሦስት ወንድማማችና እህትማማች ልጆች በ1985 መዝሙር ሲዘመር በአክብሮት ይቆማሉ፣ አይዘምሩም። ለዓመታት ማንም ነገሬ አላለውም ነበር፤ አንድ የምክር ቤት አባል አይቶ ነገሩን አነሣው፤ ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 1986 ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ወሰነ። መቆማቸው አክብሮት ነው፣ ዝምታቸውም ስድብ አይደለም፣ ዘምሩ የሚል ሕግም የለም የሚል ነበር ፍርዱ። በእኛ አገር ሰልፍ የሚደረገው ሜዳ ላይ በቁም ነው፤ መቀመጥ መነሣት የሚባል ጣጣ የለም። ልጁ ቀድሞውንም ቆሟል። ከዚያ በላይ ለባንዲራው ምን ያድርግ?

እንግዲህ ሰልፉ ከገባ በኋላ ምን ይደረግ? ልጁን የሚያነጋግረው ዩኒት ሊደሩ ሳይሆን የክፍሉ ኃላፊ መምህር ቢሆን ይመረጣል። እረፍት ሰዓት ላይ፣ መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ሳይሆን ዛፍ ሥርም ቢሆን፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው። አጠያየቁ ላይ ነገር አለ። «ለምን አልዘመርክም?» የሚለው ጥያቄ ክስ ነው፤ «ዛሬ ሰልፍ ላይ ዝም ብለህ አየሁህ፤ ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ግን በር ይከፍታል። መልሱም ብዙ ጊዜ መምህሩ የፈራው አይሆንም። በጨንቻ ብርድ ሹራብ ሳይለብስ የመጣ ልጅ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አይዘምርም። ድምፁ መጎርነን የጀመረ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ሴቶቹ እንዳይስቁበት አፉን ይዘጋል። ቁርስ ያልበላ አለ። ከጓደኛው ጋር ተወራርዶ «እኔ አልዘምርም፣ ምን ያመጣሉ» ያለም አለ፤ ይህኛው ሁለት ቀን ሳያዩት ቢያልፉት ጨዋታው ይሰለቸዋል።

ከቡራዩ የተመለሰ ቤተሰብ ልጅ ከሆነስ? አጎቱን ያጣ፣ አባቱ የሽመና ዕቃውን ጥሎ የሸሸ ልጅ ባንዲራ ሲያይ ምን እንደሚያይ መገመት ቀላል አይደለም። እሱን ስለ አገር ፍቅር መምከር ሳያስፈልግ አይቀርም እንዳትሉ፤ ወንበር ስቦ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል።

«አባዬ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የሚዘመረው ይላል» ካለ መምህሩ ሃይማኖት ክርክር ውስጥ አይግባ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤቱን እምነት በጥቅስ እንዲያስረዳ ማስገደድ የሰልፉን ቅጣት በሌላ መልክ መድገም ነው፤ መምህሩ ራሱ ሌላ እምነት ካለው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መታወቅ ያለበት ልጁ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ብቻ ነው። ይቆማል? አይረብሽም? በቃ። ወላጅ ቢጠራም እንደ ተከሳሽ አይጠራ፤ ለሽመናም ለገበያም የማይመች ሰዓት ቀጥሮ አባትን ግማሽ ቀን ማስቆም ንግግሩን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል። «አባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሰልፍ ላይ ስለማይዘምር ነገሩን አብረን እንየው ብዬ ነው» ብሎ የጀመረ መምህር ከአባትየው የሚያገኘው መልስ፣ «ልጅህን አርም» ካለው መምህር የተለየ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ያሉ የአገር ሽማግሌም ቢኖሩበት ዶርዜ ላይ ይህ ቋንቋ የማይገባው የለም።

ስምምነቱ ሲደረግ ከልጁ የሚጠበቀው ከረድፉ ጋር በጸጥታ መቆም ነው። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ ልጁን ለብቻው ፊት ላይ አያቆመውም፤ ከበር ውጭ አቁሞ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ አያስገባውም፤ «አንተ ስለማትዘምር ሽንት ቤት ጥረግ» አይልም። ማርክ ላይም መድረስ የለበትም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጸንቶ ይኑር፤ የዜግነት ትምህርት መምህር የመዝሙሩን ግጥም ትርጉም፣ የባንዲራውን ታሪክ፣ የዓርማውን ፍቺ ሊያስተምርም ሊፈትንም ይችላል፤ ያልዘመረውም ልጅ ይማራል፣ ይፈተናል። ትምህርት ቤት ዕውቀትን ከተማሪው የመጠየቅ መብት አለው። ፍቅርን ግን በፈተና ወረቀት የሚለካበት መንገድ የለውም።

ማባረር ደግሞ በጋሞ ደጋ ከሌላው ቦታ የከበደ ቅጣት ነው። ከትምህርት የቀረ ልጅ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ከአካባቢው ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ሽሮ ሜዳና ሌላ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሽመና ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያ ጨርቅ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናት ጉልበት ተመረቱ ብሎ በሚዘረዝራቸው ዕቃዎች ውስጥ ገብቷል። «ወላጅ ሳትይዝ እንዳትመጣ» የተባለ ልጅ ወላጅ ይዞ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። የዘመረለትም ያልዘመረለትም ባንዲራ ቀለም ያለበትን ጥለት የሚሠራው ያኔ እሱ ነው።

እምቢታው ከሃይማኖት ሳይሆን ከፖለቲካ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራ መሰቀሉንና መዝሙሩ መዘመሩን ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ ደገፉ። ተማሪዎች ተጎዱ፤ ታሰሩ፤ ትምህርት ተቋረጠ። ማን ልክ ነበር የሚለውን አንባቢ በየራሱ ይፍረድ። እኔን ያሳሰበኝ የመምህሩ ቦታ ነው። ነገሩ ሜዳ ላይ ከፈነዳ በኋላ መምህር ብዙ የሚያደርገው የለውም፤ ፖሊስ ግቢ ከገባ ጨርሶ የለውም። ሥራው የነበረው ከዚያ በፊት፣ ክፍል ውስጥ፣ «ይህ መዝሙር እዚህ መዘመሩ የሚያስከፋው አለ? የማይዘመር ቢሆንስ የሚያስከፋው አለ?» ብሎ ሁለቱንም ወገን እርስ በርስ ማሰማት ነው። ከባድ ነው፤ አንዳንድ ርእሰ መምህር ይህን ውይይት ራሱን «ቅስቀሳ» ይለዋል። ቢሆንም ዝም ያለ ልጅ ከሚጮህ ልጅ ይለያል። የሌላውን መዝሙር በፉጨት የሚያቋርጥ፣ ባንዲራ የሚጎትት፣ የሚዘምሩትን የሚሳደብ ተማሪ የኅሊና ነጻነት ጥላ ሥር አይገባም፤ ክፍል የሚረብሽ ተማሪ በሚታይበት የትምህርት ቤቱ ደንብ ይታያል። ከዚያ ያነሰ አይደረግለት፣ ከዚያም የበለጠ ወንጀል አይደረግበት።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ብዙ ጊዜ ልጁም መምህሩም አይደሉም፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው። ያልዘመረውን ልጅ እረፍት ሰዓት ላይ ከብበው «ባንዳ» የሚሉት እነሱ ናቸው። መምህር ልጁን በአደባባይ ከቀጣ ለዚህ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሚነርስቪል ላይ ፍርድ ቤቱ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ በዚያው ቀን ክፍል ገብቶ፣ ስም ሳይጠራ፣ «ሰልፍ ላይ የሚዘምርም በጸጥታ የሚቆምም አለ፤ ሁለቱም የዚህ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ በዚህ ነገር ማንም ማንንም አይነካም» ይበል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሒሳብ ያስተምር።

መምህሩ ራሱ የማይዘምር ከሆነስ? ጃፓን በዚህ ብዙ ተጨቃጭቃለች፤ የቶኪዮ ትምህርት ቦርድ በ2003 መምህራን ለባንዲራው ተነሥተው እንዲዘምሩ አዘዘ፤ እምቢ ያሉ ብዙዎች ተቀጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ትእዛዙ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። መምህር ደመወዝ የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከልጅ ጋር አንድ አይደለም፤ ሰልፉን የመምራት ኃላፊነት ሊሰጠው ይችላል። ሆኖም የራሱን ኅሊና ይዞ፣ ተማሪዎቹን ሳያነሣሣ በጸጥታ የሚቆም መምህር ካለ መፍትሔው ፍርድ ቤት የሚያደርስ አይደለም። የሰልፍ ተረኝነት በመምህራን ዘንድ ሲቀያየር የኖረ ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ጨንቻ ገበያ ለመውጣት እንኳ ይቀያየሩታል። እሱ ሰኞን ለባልደረባው ሰጥቶ ማንም የማይወደውን የዓርብ ከሰዓት የቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ቢወስድ፣ ባልደረባው እምቢ የሚል አይመስለኝም።